ሦስት ልጆችና አንዲት አያት ይዤ ትራምፖሊን ልሄድ ነው፤ የትኛውን ልምረጥ?

የሦስቱ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። የፈረንጆቹ ገና እረፍት ላይ ነን፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። የምንኖረው ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነው። ከታች ያለችው ጎረቤታችን በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበች። አልፈርድባትም። ልጆቹ ሶፋውን ትራምፖሊን አድርገውታል።

ስለዚህ እውነተኛው ጋ ልውሰዳቸው አልኩ። ትልቁ 11፣ መካከለኛዋ 7፣ ትንሹ 3 ዓመቱ ነው። እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት፣ ቤት ጥያት መሄድ አልፈልግም። ነገሩን ስነግራት «ለመዝለል ነው ብር የሚከፈለው?» ብላ ትን እስኪላት ሳቀች።

በመኪና 40 ደቂቃ ውስጥ አምስት ቦታ አገኘሁ፣ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም። ግን በምን ልለያቸው? የሁሉም ፎቶ አንድ ነው፦ አየር ላይ የሚስቅ ልጅና ብርቱካናማ ካልሲ። አንዱ በሰዓት ያስከፍላል፣ አንዱ በ90 ደቂቃ፣ አንዱ የቀን ነው ይላል። አራት ኮከብ ተኩል ያላገኘ የለም። ደግሞ ጾም ነው። ትልቁ ልጄ ዘንድሮ እጾማለሁ ብሎ ይዞታል፣ የቤተሰብ ፓኬጁ ሁሉ ግን ፒዛ ያለበት ነው። የሄዳችሁ ንገሩኝ፣ ምኑን አይቼ ልምረጥ?

የመንትዮች አባት (አሌክሳንድሪያ)

እህቴ፣ ኮከቡን ተይው። ኮከብ የሚሰጠው ልደት አክብሮ ኬክ በልቶ የወጣ ሰው ነው።

መጀመሪያ ብቻሽን ሂጂና እዪ። እኔ የሄድኩባቸው ቦታዎች ቆሞ ለሚያይ ሰው አያስከፍሉም። 15 ደቂቃ ቁሚ። ትራምፖሊኑን ሳይሆን ሠራተኞቹን እዪ። ያ ቲሸርት የለበሰው ጎረምሳ ፊሽካው አፉ ላይ ነው ወይስ ስልኩ እጁ ላይ? ሁለት ልጆች አንድ ሸራ ላይ ሲገቡ አንዱን ያስወጣል ወይስ ዝም ይላል? ለትንንሾቹ የተለየ ክፍል አለ? ካለስ ትልልቆቹ እየገቡ አይዘሉበትም? የቀረው ሁሉ፣ መብራቱም ሙዚቃውም የሚወጡበት ግድግዳም፣ ጌጥ ነው።

ይህን የምለው ቀምሼው ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቦታ ሄድን፣ ስሙ ይቅር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፣ ሰው በሰው ላይ። ልጄ ያኔ 6 ዓመቷ፣ ከ20 ኪሎ ብዙም አታልፍም። የራሷ ሸራ ላይ ደህና ትዘላለች። አንድ 15 ዓመት የሚሆነው ወጠምሻ ከጎን ዘሎ እሷ ሸራ ላይ አረፈ፣ እሷ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ልትነሳ ነበር፣ ሸራው ወደ ላይ ሲመለስ የሱን ጉልበት ለሷ ሰጣትና እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተወረወረች። ስትመለስ እጇን ዘርግታ አረፈች። የግራ አንጓዋ ተሰነጠቀ፣ አምስት ሳምንት በጄሶ። ተቆጣጣሪው የት ነበር ካልሽ፣ ዶጅቦሉ ጋ ኳስ ሲለቅም።

ስለ ዋጋው፣ «የቀን» የሚለው አያጓጓሽ። አንድ ሰዓት ይበቃል። ልጅ 40 ደቂቃ ከዘለለ በኋላ እግሩ አይታዘዘውም፣ የሚወድቀውም ያኔ ነው። የማያንሸራትተውን ካልሲም ሂሳብ ውስጥ አስገቢው፣ እኛን በጥንድ 4 ዶላር አስከፍለውናል፣ የራሳቸውን ካልገዛችሁ የሚሉም አሉ። ካልሲውን እንዳትጥዪው፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ይሆናል። መውጫው ደግሞ ሆን ተብሎ በጌም ማሽኖች መሀል ነው የተሠራው። ለትኬት ካወጣሽው በላይ እዚያ ታወጫለሽ።

የሕፃናት ክፍል ነርስ

የመንትዮቹ አባት በደንብ ነግሮሻል። እኔ ስለ 3 ዓመቱ ልጅ ልናገር፦ አታስገቢው።

ይቅርታ፣ ደረቅ ሆንኩ። ግን የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ትራምፖሊን ላይ ባይወጣ ይላል። ምክንያቱም ከላይ የተነገረሽ ነው። በፈረንጆቹ 2012 ባወጡት ጽሑፍ ከጉዳቱ ሦስት አራተኛው የሚደርሰው ሸራው ላይ ከአንድ ሰው በላይ ሲኖር ነው፣ ከነዚያም መሀል ትንሹና ቀላሉ ልጅ ከከባዱ 14 እጥፍ የመጎዳት ዕድል አለው። ትንሽ ልጅ መውደቅም አያስፈልገውም። ከትልቅ ሰው ጋር ሲዘል ሸራው ወደ ላይ ሲመለስ እግሩን ከታች ይመታዋል፣ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ያለው አጥንት ይሰነጠቃል። ብዙ ጊዜ እብጠትም አይታይም። ልጁ ብቻ አልራመድም ይላል፣ እናትየው ቅብጠት ይመስላታል፣ በማግስቱ ነው ይዛው የምትመጣው። ከታቀፈው ወይም እጁን ይዞ አብሮት ከዘለለ አባት ጋር ነው ይሄ የሚመጣው፣ ለፍቅር ብሎ።

ቦታዎቹ ሲበዙ ጉዳቱም አብሮ ነው የበዛው። ፔዲያትሪክስ የተባለው መጽሔት ላይ በ2016 የወጣ ጥናት በመላው አሜሪካ ከትራምፖሊን ፓርክ ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡትን ሲገምት በ2010 581 ነበሩ፣ በ2014 6,932 ደርሰዋል።

ትልልቆቹን ግን ውሰጂያቸው፣ ቤት ቆልፈሽባቸው አትክረሚ። ሦስት ነገር ብቻ፦ አንድ ሸራ ላይ አንድ ልጅ፣ መገልበጥ የለም፣ ስፖንጅ ወዳለበት ጉድጓድ በጭንቅላት መግባት የለም። ስለ ጉድጓዱ ካነሳሁ፣ ስፖንጁ ሲያረጅ ይሟሽሽና ልጁ ታች ድረስ ይወርዳል። በስፖንጅ ፋንታ በአየር የተነፋ ትልቅ ትራስ ያለው ቦታ ካገኘሽ እሱን ምረጪ። ጽዳቱም ይሻላል፣ ስፖንጁ ውስጥ ስንት የጠፋ ካልሲና ስንት የቁስል ፕላስተር እንዳለ ባትጠይቂኝ ደስ ይለኛል።

ያኔ ያደገ

ኧረ ተዉ! እኛ ዋርካ ላይ ወጥተን ወድቀን ተነስተን አይደል ያደግነው? እጄ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ወጌሻ ነው ያሸኝ፣ ይኸው አለሁ። ልጅ ካልወደቀ አያድግም። ወስደሽ ልቀቂያቸው።

የሕፃናት ክፍል ነርስ

ወንድሜ፣ ዋርካው ላይ የ80 ኪሎ ሰው አጠገብህ እየዘለለ አላስፈነጠረህም። ደግሞ አንተ አለህ፣ እጅህ ግን እስካሁን ቀጥ ብሎ ይዘረጋል? እውነቱን ንገረን።

ያኔ ያደገ

ግራው ትንሽ ይቀረዋል 😅

ወረቀት አገላባጭ

ማንም ስለ ፊርማው አላነሳም። ጠበቃ አይደለሁም፣ የሕግ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ እንደ ጎረቤት ምክር ውሰጂው።

ከመግባትሽ በፊት ዌቨር የሚባል ፎርም ያስሞሉሻል። ልጅሽ ቢጎዳ አልከስም ማለት ነው። ሁላችንም ሳናነብ ጣታችንን ስክሪኑ ላይ እናሽከረክራለን። አንቺ ግን ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እያማረጥሽ ስለሆነ ልዩነቱን እወቂው። ሜሪላንድ ላይ የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 2013 ወላጅ ለልጁ የፈረመው እንዲህ ያለ ወረቀት ይጸናል ብሎ ወስኗል። ቨርጂኒያ ላይ ደግሞ አካል ከመጎዳቱ በፊት መብትን አሳልፎ የሚሰጥ ውል በ1992 በተሰጠ ፍርድ ውድቅ ነው ተብሏል። ይህ ማለት ቨርጂኒያ ሄደሽ እጅ ይሰበር ማለት አይደለም። ብቻ ወረቀቱ በሁለቱ መሀል ያለውን ወንዝ ሲሻገር ክብደቱ ይለወጣል። ክርክሩ ፍርድ ቤት ሳይሆን ገላጋይ ዳኛ ፊት ይታያል የሚል አንቀጽም ስለሚያስገቡ እሱን ፈልገሽ አንብቢው።

ሌላም አለ። ፎርሙን ወላጅ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ ነው የሚፈርመው። አያት አይሆንም፣ አክስትም አይሆንም። እኔ የእህቴን ልጆች ይዤ ሄጄ በር ላይ ተመልሻለሁ፣ እህቴ ሥራ ላይ ስልክ አታነሳም፣ ልጆቹ ካልሲያቸውን አድርገው ቆመዋል። ቀደም ብለሽ ቤት ሆነሽ በኢንተርኔት ሙዪው። የልጆችሽን ጓደኞች የምትጨምሪ ከሆነ ለእናቶቻቸው ሊንኩን ላኪላቸው።

ሹሩባ ሠሪዋ

ወንዶቹ የማያውቁትን ልንገርሽ። ለሴቷ ልጅሽ ዶቃ ያለው ሹሩባ ከሠራሽላት ከመሄዳችሁ በፊት ዶቃውን አውጪው። በጀርባ ስትወድቅ ራሷ ስር ጠጠር የተነጠፈ ነው የሚመስላት። ደንበኛዬ ናት ልጇ እያለቀሰች ያመጣቻት፣ መሀል አናቷ ላይ የዶቃ ቅርጽ ታትሞ።

ማተብም አለ። አንገት ላይ የታሰረ ነገር ሁሉ ይውለቅ ይላሉ፣ እነሱ የሚያዩት ገመድ ነው። ልጄ «ማተቤን አላወልቅም» ብሎ በር ላይ ገተረ። ሠራተኛዋ ልጅ ናት፣ ግራ ገባት፣ እኔም ግራ ገባኝ፣ ከኋላችን ሰልፍ አለ። በኋላ ቤት ተመልሰን ተነጋግረን ለሚቀጥለው ጊዜ ከመኪና ሳንወርድ እኔ ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ እንድይዝለትና ሲወጣ እንዳስርለት ተስማማን። እሱ ራሱ «አንቺ አንገት ላይ ይሁን» አለኝ፣ እንደሱ አደረግን። አስቀድመሽ ካወራሽው በር ላይ አትሟገቺም።

ለጾሙ፣ ፓኬጁን ተይው። ፒዛውን ያለ ቺዝ አድርጉልኝ ብዬ ጠይቄ ፔፐሮኒውን ከነሥጋው ትተው ቺዙን ብቻ አንስተው አመጡልኝ። ያውም አሳማ! ምግብ ይዛችሁ አትገቡም ይላሉ፣ የልደት ኬክ ካልሆነ። እኛ ሽሮ ፍትፍት በፎይል ጠቅልለን መኪና ውስጥ ነው የምንበላው፣ ከወጣን በኋላ። ከመግባታችን በፊት በልተን ምን እንደሆነ አልናገርም። የመኪናው ወንበር ይመሰክራል።

ከቦሌ

እዚህ አዲስ አበባ ልጄን የምወስደው ሜዳ ላይ የተተከለ ትራምፖሊን ጋ ነው፣ ሰውዬው ሰዓቱን እያየ በደቂቃ ያስከፍላል። ፎርም የለ፣ ካልሲ የለ። ዙሪያውን ያለው መረብ ግን ተቀዷል፣ ሞላዎቹን የሚሸፍነው ስፖንጅም የለም። ይሄን ካነበብኩ በኋላ መጀመሪያ ሞላውን ነው የማየው፣ እግር ይገባል አይገባም።

የሦስቱ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሄደን መጣን፣ ዝም ከምል ልንገራችሁ።

ማክሰኞ ብቻዬን ሁለት ቦታ ዞሬ አየሁ። የመጀመሪያው በጣም ያምራል፣ ጣሪያው ድረስ መብራት ነው። 10 ደቂቃ ቆሜ ፊሽካ አልሰማሁም፣ አንድ ሸራ ላይ አራት ልጅ ቆጠርኩ። ሁለተኛው አሮጌ ነው፣ ምንጣፉም ያረጀ ነው፣ ግን ተቆጣጣሪዋ ፀጉሯን ሰማያዊ የቀባች ልጅ ናት፣ አንዱን ጎረምሳ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቃ በሦስተኛው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። እሷ የምትገባበትን ቀን ጠይቄ ሐሙስ ጠዋት በሩ ሲከፈት ደረስን። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ከአስር ልጅ አይበልጡም ነበር። ከዚያ በኋላ መሙላት ሲጀምር እኛ ልንወጣ ነው።

ትንሹን አላስገባሁትም። አልቅሷል፣ ለምን አልዋሽም። መሬት ላይ ስፖንጅ ብሎክ ያለበት ጥግ ነበር፣ እዚያ ከእናቴ ጋር ቤት ሲሠራ ቆየ። ያ ጥግ የገባ ሁሉ ካልሲ ያድርግ ስለሚሉ ለእናቴም ገዛሁላት። «በዚህ ዕድሜዬ?» ብላ ትንሽ አንገራገረች።

ትልቁ 45 ደቂቃ ላይ ራሱ ደከመኝ ብሎ ወጣ። ማተቡን እናቴ ይዛለት ነበር። ፍትፍቱን መኪና ውስጥ በላን፣ መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ።

ካልሲዎቹን ለሚቀጥለው ጊዜ አጥቤ ላስቀምጥ ብዬ ሦስት ጥንድ ብቻ አገኘሁ። ሁለቱ የልጆቹ ናቸው፣ አንዱ የትንሹ። የእናቴን ስፈልግ ለካ እግሯ ላይ ነው። ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች። «ይሄ የናንተ ወለል ሊጥለኝ ነበር ከመጣሁ ጀምሮ፣ ይሄኛው ይይዛል» አለችኝ። ስትመለስ ለእህቷም ሁለት ጥንድ ግዢልኝ ብላኛለች።