ጡትና ኦቫሪ በአንድ ቀን ይውጡ ወይስ ለየብቻ?

ሰላም ወገኖች። የምጽፈው ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ነው። የ43 ዓመት እህቴ ግራ ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ኬሞዋን ጨርሳለች። አሁን ጡቱ ይወጣል። ዕጢው በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ነው፤ የወር አበባዋም ስላልቆመ ሆርሞኑን የሚያመነጩት ኦቫሪዎቿ (የእንቁላል ማምረቻዎቿ) ቢወጡ ይሻላል ተብለናል።

አንዱ ሐኪም ሁለቱንም በአንድ ማደንዘዣ እንጨርስ ይላል። ሌላዋ መጀመሪያ ጡቱ ብቻ ይውጣ፣ ኦቫሪውን ለጊዜው በመርፌ ማቆም ይቻላል ትላለች። ምርጫውን ለእኛ ትተውታል።

እኔ ወደ አንድ ጊዜው አደላለሁ። መርፌው በየወሩ ነው፤ እዚህ ሆኖ መድኃኒት ማሳደድ ያደክማል። ለሁለተኛ ቀዶ ጥገና ደግሞ እንደገና አዲስ አበባ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ። የሚያስፈራኝ ቁስሉ ነው። ከብብቷ ሥር የፈሳሽ ቱቦ ተንጠልጥሎ፣ ሆዷም ተሰፍቶ እንዴት ከአልጋ ቀና ትላለች? ደም ግፊትም አለባት። አንዱ ቁስል ካመረቀዘ ቀጥሎ ያለው የጨረር ሕክምና ይዘገያል ብለውናል። እሷ ግን "አብሽሪ፣ አንዴ ተኝቼ ልነሳ" ትለኛለች።

ሁለቱን በአንድ ቀን የተሠራችሁ ወይም እንዲህ ያለ ሰው ያስታመማችሁ፣ ማገገሙን አይታችሁ ዛሬ ብትመርጡ አንድ ላይ ታደርጉት ነበር?