ባቴን ለሚይዘኝ ነገር ማግኒዚየም ልግዛ?

ጠያቂ፦ ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ጠዋት ሐይቁ ዳር እሮጣለሁ፤ ማታ ባቴ ድርቅ ብሎ ከእንቅልፍ ያስነሳኛል። ጂም ያሉ ልጆች ማግኒዚየም ዋጥ አሉኝ። ይሠራል?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ማግኒዚየም ለጡንቻ ወሳኝ ነው። ካልሲየም ጡንቻን ሲያኮማትር እሱ እንዲፍታታ ያግዛል፣ ጡንቻ ጉልበት የሚያገኝበት ኤቲፒም ያለ እሱ በአግባቡ አይሠራም። ለአዋቂ ወንድ በቀን ከ400 እስከ 420፣ ለሴት ከ310 እስከ 320 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል። የጤፍ እንጀራ በሽሮ፣ በምስር፣ በጎመን የምትበላ ከሆነ ጥሩ መነሻ አለህ። የዱባ ፍሬም አትጣል! የተፈለፈለው 30 ግራም ያህሉ ብቻ 150 ሚሊ ግራም ገደማ አለው።

መልስ 2፦ በምግቡ እስማማለሁ፣ በክኒኑ ግን አልቸኩልም። ባት የሚይዘው ሁሌ በማግኒዚየም እጥረት አይደለም፣ የደከመ ጡንቻም ያመጣዋል። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ጥናቶችን ገምግሞ፣ ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ክኒኑ ይህን ችግር በሚታይ መጠን የሚቀንስ አይመስልም ብሏል። ሲበዛ ተቅማጥ ያመጣል። ኩላሊትህ ችግር ካለበትማ ሐኪም ሳታማክር እንዳትነካው። ሲይዝህ እግርህን ዘርግተህ ጣቶችህን ወደ ራስህ ሳብ፣ ቶሎ ይለቅሃል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። የዱባ ፍሬውን ዛሬውኑ ገበያ እፈልጋለሁ፣ ካልተሻለኝ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ።