የብስክሌት የኋላ መብራት የት ይታሰር?
ሰላም፣ ማታ ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ለሚወርድ ብስክሌት ሄልሜትና የኋላ መብራት እየመረጥኩ ነው። ሄልሜቱ ቀላል ነው፦ የጭንቅላቴ ዙሪያ 58 ሳንቲሜትር ስለሆነ ከ55 እስከ 59 የሚለውን፣ ውስጡ ኢኤን 1078 (የአውሮፓ የብስክሌት ሄልሜት ደረጃ) የተጻፈበትን እገዛለሁ። ያገለገለ አልፈልግም፤ የፎሙ ስንጥቅ ከላይ ላይታይ ይችላል።

የቸገረኝ መብራቱ ነው። ኮርቻው ሥር ሲታሰር ከኋላ የምጭነው ዕቃ ይጋርደዋል፤ ሄልሜት ላይ ከሆነ አንገቴን ዝቅ ባደረግሁ ቁጥር ወደ ሰማይ ያበራል። የዕቃ መጫኛው ጫፍ ላይ እንዳላደርገው ብረቱ ጠፍጣፋ ነው፤ የጎማ ማሰሪያው ደግሞ ለክብ ብረት የተሠራ። በምን ላስረው?

ሌላው፣ በቻርጅ የሚሠራው ይሻላል ወይስ በባትሪ ድንጋይ? ድንጋዩ መብራት ሲጠፋም ከየሱቁ ይገኛል፣ ግን ክዳኑ ውሃ ካስገባ መገናኛው ይዝጋል። ለሐምሌ ዝናብ አይፒኤክስ 4 (ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃን የመቋቋም ደረጃ) ይበቃል?