ከሃሪኬኑ በኋላ ወደ ሰፈር ልመለስ ነው፣ በምን ልጀምር?

ተመላሹ፦
ሰላም ወገን። ልቀቁ የተባልንበት ትዕዛዝ ዛሬ ተነስቷል። ነገ ሲነጋ ወደ ቤት እነዳለሁ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ግን ዘመድ ጋ ይቆያሉ። ሰፈራችን ውሃ እንደገባበት ሰምቻለሁ፣ የማን ቤት ምን ያህል እንደተጎዳ ግን በትክክል የሚያውቅ የለም። መብራትም የለም። ያስጨነቀኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰው ሁሉ «ምንጣፉን ቶሎ ጣል፣ ውሃውን አውጣ» ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ኢንሹራንሶቹ ሳያዩት ከነካሁ አንከፍልም እንዳይሉኝ ፈራሁ። ሁለተኛ፣ ቀድሜ የምገባው እኔ መሆኔን ስላወቁ የጎረቤቶች ግሩፕ ላይ «የኔንም ቤት አይተህ ፎቶ ላክልኝ» የማይል የለም። ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናትማ ቁልፍ የት እንደተቀመጠ ነግረውኝ «ድመቴን አደራ» ብለውኛል። እምቢ ማለት አልችልም። የሰው ቤት ገብቼ ጣጣ ማምጣትም አልፈልግም። ያለፈበት ሰው ይምከረኝ።

ጠጋኙ፦
እንኳን ሰው ተረፈ። ውሃ የገባበት ቤት መጠገን እንጀራዬ ስለሆነ ከውጭ ልጀምርልህ። መጀመሪያ፣ ሲመሽ አትድረስ። መንገድ ላይ የሚፈስ ውሃ ካጋጠመህ አዙረህ ተመለስ፤ 30 ሳንቲሜትር ውሃ ትንሽ መኪና ይገፋል፣ 60 ከደረሰማ አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል፣ ከስሩ አስፋልት ይኑር አይኑርም አታይም። የወደቀ ሽቦ ካየህ ኤሌክትሪክ የለበትም ብለህ አታስብ። 10 ሜትር ራቅና ለመብራት ድርጅቱ ደውል።

ቤቱ ጋ ስትደርስ ዘለህ አትግባ። ዙሪያውን ዙረህ እይ። መሠረቱ ተሰንጥቋል? ጣሪያው ጎብጧል? የበረንዳው ምሰሶ ከቦታው ተንሸራቷል? በሩ አልከፈት ካለ አብጦ ሊሆን ይችላል፣ ግን የቤቱ አካል ተጣሞም ሊሆን ስለሚችል በትከሻ አትግፋው። ተቆጣጣሪዎች በር ላይ ወረቀት ለጥፈው ከሆነ ቀለሙን እይ፤ ቀይ ከሆነ አትገባም፣ ቢጫ ከሆነ የሚፈቀደው በገደብ ነው፣ ምን እንደሚል እዛው ተጽፏል። ጋዝ ከሸተተህ ወይም ሽሽ የሚል ድምፅ ከሰማህ መብራት አታብራ፣ ክብሪት አትጫር፣ ወጥተህ ከራቅህ በኋላ ደውል። ብሬከሩ ጋ ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም ካለብህ ተወው፣ ኤሌክትሪሺያን ይምጣ።

ፍሪጁን ደግሞ እባክህ አትክፈተው። መብራት ከጠፋ 4 ሰዓት ካለፈው ውስጡ ያለው የሚበላሽ ምግብ አይበላም፣ ቀናት ከቆየማ ሽታውን አትጠይቀኝ። በወፍራም ፕላስተር ዙሪያውን አስረህ እንዳለ አውጣው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከሃሪኬን ካትሪና በኋላ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ መንገዱ ዳር በፕላስተር የታሸገ ፍሪጅ ብቻ ነበር የሚታየው፣ ሰው ወዶ አይደለም። ግን ፎቶውን አስቀድመህ አንሳ።

ወለላ፦
የኢንሹራንሱን እኔ ልመልስ፣ የጉዳት ካሳ ፋይል ላይ ስለሠራሁ። ፎቶ ሳታነሳ ምንም አትንካ፣ ካነሳህ በኋላ ግን እጅህን አጣጥፈህ አትጠብቅ። ጉዳቱ እንዳይብስ የማድረግ ኃላፊነት ያንተ ነው፤ ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማደግ ይጀምራል። ከምትጥለው ምንጣፍና መጋረጃ ትንሽ ትንሽ ቁራጭ አስቀር። የፍሪጁና የማጠቢያ ማሽኑ የሞዴል ቁጥር የተለጠፈበትን ቦታም አንሳ።

ከሁሉም በፊት ግን ግድግዳው ላይ ውሃው የተወውን ቡናማ መስመር ፈልግ። ሜትር አስደግፈህ አንሳው፣ ከውጭም ከውስጥም፣ በየክፍሉ። ብዙ ክርክር እዚህች መስመር ላይ ነው የሚያልቀው። ምክንያቱም አሜሪካ ውስጥ ተራው የቤት ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ነፋሱ የገነጠለውን ጣሪያ ይከፍላል እንጂ ከመሬት ለገባ ጎርፍ አይከፍልም። ለጎርፍ ለብቻው መግባት ያስፈልጋል። በፌደራሉ መንግሥት የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም የተገዛ ከሆነ ለመኖሪያ ቤቱ እስከ 250,000 ዶላር፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ነው፣ ፈርመህ የምታስገባው የኪሳራ ማስረጃም ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ የ60 ቀን ገደብ አለው። አካባቢህ የአደጋ ቀጠና ተብሎ ከታወጀ፣ ኢንሹራንስ ኖረህም አልኖረህም ፌማ (የፌደራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) ጋ ተመዝገብ። የፌማ መርማሪ መታወቂያ ያሳያል፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ከጠየቀህ አጭበርባሪ ነው፣ በቃ።

የጥግ ቤት፦
ፎቶውን ግሩፕ ላይ አትለጥፍ! በሩ የተገነጠለ ባዶ ቤት ከነቁጥሩ ስታወጣው ማን ለማን እንደሚያስተላልፈው አታውቅም። ከመንገድ ሆነህ አንሳና ለየባለቤቱ በግል ላክ። ግባልኝ የሚል ካለ ፈቃዱን በጽሑፍ ይላክልህ። ደግሞ «ደህና ነው» የምትል ቃል እንዳትወጣህ። «ጣሪያው አለ፣ የሳሎኑ መስኮት ተሰብሯል፣ የውሃው ምልክት የበሩ እጀታ ጋ ደርሷል» ብለህ ያየኸውን ብቻ ጻፍ። ደህና ነው ካልካቸው ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ጣራው ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ደግሞ ከውጭ አይታይም።

የእናትየዋን ድመት ከፍ ያለ ቦታ ፈልጋት፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ ካቢኔ ላይ። ወፍራም ጓንት አድርግ፣ የምትይዝበት ሳጥንም አትርሳ። የደነገጠች ድመት አመስግና አትመጣልህም።

ዝም ያለው፦
የጽሑፍ ፈቃድ የሚለው ትንሽ አልተጋነነም? ቁልፉን ራሳቸው ከሰጡት በቃ። በግል ላክ በሚለው ግን እስማማለሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ጄኔሬተር ነው። ይዘህ ከሄድክ ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር አርቀህ አስነሳ፣ ጭሱ ወደ ጎረቤት መስኮትም አይዙር። የጋራዡን በር ከፍቼ ውስጥ አደርገዋለሁ የሚባል ነገር የለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ከአውሎ ነፋሱ ተርፎ በጄኔሬተር የሚሞት ሰው ብዙ ነው።

ተመላሹ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የግሩፑን ነገር እንዳላችሁት አደርጋለሁ፣ ፈቃዱንም በቴክስት እጠይቃለሁ፣ ምን ይጎዳኛል። አሁን ደግሞ ሌላ መጣ። አንዱ ጎረቤት የኤሌክትሪክ መኪናውን ጋራዥ ውስጥ ትቶ ነው የወጣው፣ «አስነሳና ወደ ደጅ አውጣልኝ» ይላል። ውሃ ጋራዡ መግባቱ አይቀርም። ላስነሳው?

ጠጋኙ፦
በፍጹም። የባህር ውሃ ገብቶበት ከሆነ ባትሪው ዛሬ ዝም ብሎ ከቀናት በኋላ ሊነድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከሃሪኬን ኢያን በኋላ ፍሎሪዳ ላይ የእሳት አደጋ ሰዎችን ሲያስሮጥ የነበረው ይሄው ነው። አታስነሳ፣ ቻርጅ አትሰካ። ጋራዡ ጋ ጭስ ካየህ ወይም የመንጣጣት ድምፅ ከሰማህ ራቅና ለእሳት አደጋ ደውል። ምንም ባይታይህም መኪናው እዛ እንዳለ ንገራቸው። ማስወጣቱን ባለቤቱ ከኢንሹራንሱና ከመኪና ጎታቾቹ ጋር ይጨርስ፣ ለጎታቾቹም ኤሌክትሪክ መሆኑንና ውሃ እንደገባበት አስቀድሞ ይንገራቸው።