የልማት ዜናን በምን ልመዝነው? እርዱኝ

ሰላም እንደምን ናችሁ፤ አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው። የአንድ አገር መገናኛ ብዙኃን ልማትንና መልካም አስተዳደርን ምን ያህል እንደሚያግዙ እየገመገምኩ ነው። መነሻዬ የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ የኮሙኒኬሽን ልማት መርሐ ግብር በ2008 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የሚዲያ ልማት አመልካቾች ናቸው። ከ5ቱ ምድቦች ሕጉ፣ መሠረተ ልማቱና የባለሙያ ሥልጠናው አላስቸገሩኝም፤ ሰነድ አላቸው። ባለቤትነቱን ማጣራት ቢያደክምም መንገዱ ይታየኛል። ያቃተኝ 3ኛው ነው፤ ሚዲያው የሕዝብ መወያያ መድረክ ሆኗል ወይ የሚለው።

ትናንት የሬዲዮ ዜና ስመድብ አንዱ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየሁ። የውኃ ፕሮጀክት ምረቃ ነው፤ 3 ደቂቃ ቢሆን ነው። አብዛኛውን ባለሥልጣን ይናገራል፤ መጨረሻ ላይ አንዲት እናት «ደስ ብሎናል» ይላሉ። ስንት ወጣበት? ለምን ዘገየ? ቧንቧው በየቀኑ ውኃ ይሰጣል ወይ? የጠየቀ የለም። ዜናዎቹን ነጥብ በምሰጥበት ቅጽ መሠረት ግን «የልማት ዘገባ» ነው፣ «የነዋሪ ድምፅ»ም አለበት፤ ስለዚህ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ይህን ውጤት ብዬ ለማቅረብ ኅሊናዬ እንቢ አለኝ።

«ጋዜጠኛው ጠይቋል ወይስ አስተጋብቷል» የሚል መለያ ልጨምር ብዬ ሞከርኩ። ከባልደረባዬ ጋር ለየብቻ መድበን ስናስተያየው ግን ብዙ ቦታ ተለያየን።

እንዲህ ያለ ሥራ የሠራችሁ፣ መለያውን በምን ቃል ብትጽፉት ነው ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ነጥብ የሚሰጠው? ደግሞስ ያልተዘገበው ጉዳይ፣ ዝምታው፣ በምን ይቆጠራል? የተጠቀማችሁበትን የምደባ መመሪያ ብታካፍሉኝ ትልቅ ውለታ ነው።