የድሮ ፕሪሙስ 96 ምድጃ አገኘሁ፣ ከየት ልጀምር?

ሐይቅ ዳር

ሰላም እንዴት ናችሁ። እዚህ ስዊድን ሎፒስ (የአሮጌ ዕቃ ገበያ) ላይ አንድ ፕሪሙስ 96 አግኝቼ ገዛሁ። ትንሿ የነሐስ ምድጃ ናት፣ እግሯ ተነቅሎ ራሷ ተፈትቶ ሁሉም ነገር ቆርቆሮ ሳጥኗ ውስጥ የሚገባው። የሳጥኑ ቀለም ተላልጧል እንጂ ዕቃው ሙሉ ነው። ታንኩ ጠቁሯል ግን አልተሰነጠቀም፣ የብየዳ ምልክትም የለበትም። ውስጡ የቆየ ላምባ አለ፣ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል። ፖምፓውን ስገፋው ምንም አይከብድም፣ ባዶውን ነው የሚሄደው።

ለጌጥ አይደለም የምፈልጋት። ጥቅምት ላይ ከጓደኞቼ ጋር ስንወጣ ብርዱ ጠንከር ሲል የጋዝ ምድጃችን ይደክምብናል፣ ቡና እስኪፈላ ነፍሳችን ይወጣል። በዚች ላፈላ ነው ሐሳቤ።

ታንኩን በምን ልጠበው? ፖምፓውስ ይድናል? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ቤንዚንም ይሠራባታል ብሎኛል፣ እውነት ነው? በብራሶ ልወልውላት ወይስ ልተዋት?

ድንኳን

እንኳን ደስ ያለህ፣ ጥሩ ዕቃ ነው ያገኘኸው። ግን ከሁሉም በፊት ቤንዚኑን እርሳው። ይቺ ምድጃ እሳቱን የሚዘጋ ቫልቮላ የላትም። የምታጠፋት ክዳኗ ላይ ያለችውን የአየር ብሎን ፈትተህ ግፊቱን በማስወጣት ነው። ታንኩ ውስጥ ቤንዚን ካለ በዚያች ቀዳዳ የሚወጣው የቤንዚን ትነት ነው፣ እሳቱ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ነው። የሚሆነውን አስበው። ላምባ ብቻ፣ እዚያ ፎቶጌን እያሉ የሚሸጡት ንጹሑ። ከማቀጣጠልህ በፊት ራሷን ለማሞቂያ ቲ-ሮድ የሚሉት አልኮል ይበቃሃል።

ፖምፓው ባዶውን የሚሄደው ቆዳው ስለደረቀ ነው፣ አትጣለው። ዘንጉን አውጣና ቆዳውን ዘይት ውስጥ አሳድረው። ሲለሰልስ ጠርዙን በጣትህ ወደ ውጪ ዘርጋው። መልሰህ ስታስገባ እንዳይታጠፍ ቀስ እያልክ እያዞርክ አስገባ። ካልታጠፈ ወዲያው ሲከብድህ ታውቀዋለህ።

የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ፖምፓው ቱቦ ግርጌ አየር አስገብቶ የማይመልስ ትንሽ ቫልቮላ አለ። ገፍተህ ስትለቀው እጀታው ራሱ ተመልሶ ከወጣ፣ ወይም በፖምፓው በኩል ላምባ ከመጣ፣ እሱ ነው የተበላሸው። ውስጡ ያለችው ቡሽ ወይም ጎሚኒ በዕድሜ ብዛት ድንጋይ ሆናለች ማለት ነው። መፍቻው የራሱ ነው፣ በፒንሳ አትታገለው፣ ነሐሱ ይላጣል። የድሮ ምድጃ መለዋወጫ የሚሸጡ ሰዎች ጋ መፍቻውም ጎሚኒውም አለ። ላምባ የሚቋቋም ጎሚኒ መሆኑን ጠይቅ።

ታንኩን ባዶ አድርገህ በንጹሕ ላምባ አለቅልቀው። የደረቀው ሙጫ አልለቅ ካለ ጎሚኒዎቹን በሙሉ አውጥተህ ትንሽ አሴቶን ጨምርና አንቀጥቅጠው። ይኼን ውጪ ሥራው፣ እሳት አጠገብ እንዳይሆን። ከዚያ በደንብ ይድረቅ።

ስለ ብርዱ አትጨነቅ። ጋዙ የሚደክመው ውስጡ ያለው ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ስለሚያቆም ነው። ፕሪሙስ ግን ግፊቱን የሚያገኘው ከፖምፓህ ነው። የኖርዌዩ አሳሽ አሙንድሰን እ.ኤ.አ. በ1911 ደቡብ ዋልታ የደረሰው ፕሪሙስ ይዞ ነው።

ምናለሽ ተራ

ልጄ፣ ድንኳን የነገረችህ ሁሉ ትክክል ነው። እኔ አዲስ አበባ የላምባ ምድጃ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ስለ ምድጃዋ ራስ፣ እሳቱ ስለሚወጣበት ክፍል ልጨምርልህ።

ሊንድቅቪስት የሚባለው የስቶክሆልም ሰው እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ብልሃት ይኼ ነው፦ ላምባው በጋለው ቱቦ ወጥቶ ሲመለስ እንፋሎት ይሆናል፣ ከዚያ በኖዝሏ ፈልቶ ይወጣና ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ሰማያዊ ይነዳል። ክር የለው፣ ጥላሸት የለው። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ያለው ሙቀቱና ኖዝሏ ላይ ነው። የኖዝሏ ቀዳዳ ግማሽ ሚሊሜትር አትሞላም። ያገኘኸውን ሽቦና መርፌ አታስገባባት። አንዴ ከሰፋች ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል፣ ድስትህን ያጠቁራል፣ ከዚያ ወዲያ መቀየር እንጂ መጠገን የለም። የራሷ መውጊያ አለ፣ ሳጥኑን ፈልገው፣ ብዙ ጊዜ አብሮ ይቀመጣል።

ራሱና ታንኩ የሚገናኙበት ላይ የእርሳስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ቀለበት) አለ። ያ ከተጨፈለቀ ቀይረው። ሰው በጉልበት እያጠበቀ ነው ጥርሱን የሚጨርሰው።

ብራሶውን ተወው ባይ ነኝ። ከታች የተቀረጸው ፊደል የተሠራችበትን ዓመት ይነግርሃል፣ በተወለወለች ቁጥር እየደበዘዘ ነው የሚሄደው። በሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ጥላሸቱን አንሳ። ጥቁረቷ እድሜዋ ነው፣ ይከበር።

ነበልባል

ራሱን እሳት ላይ ቀይ እስኪሆን አግሎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መጨመር ነው። ውስጡ ያለው ካርቦን ተሰባብሮ ይወጣል። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ምናለሽ ተራ

ነበልባል፣ እውነትህን ነው ይሠራል። ግን ራሱ ከብዙ ቁራጭ በብየዳ የተያያዘ ነው፣ ድንገት ስትነክረው መገጣጠሚያው ሊሰነጠቅ ይችላል። እኔ የመጨረሻው ላይ ካልሆነ አልደርስበትም። መጀመሪያ በሙቅ ውኃና ሲትሪክ አሲድ ይሞከር፣ ሱቅ ከምግብ ዕቃ ጋር የሚሸጠው ነጭ ዱቄት። ግን እየተመለከትከው ይሁን። አሲዱ ውስጥ ከቆየ ዚንኩ እየለቀቀ ነሐሱ ሮዝ ይሆናል። ሲጸዳ ቤኪንግ ሶዳ ባለበት ውኃ እጠበውና አድርቀው።

ድንኳን

አንድ ነገር ረሳን። ላምባ ከመጨመርህ በፊት ታንኩን ባዶውን ፈትነው። የራሱን ቦታ በማሸጊያ ክዳኑ ዝጋው፣ ጥቂት ፖምፕ አድርግና ባልዲ ውኃ ውስጥ ንከረው። አረፋ የሚወጣበት ቦታ ያፈሳል። አረፋው ከታንኩ መገጣጠሚያ ከወጣ ላይተር እንኳን አታስጠጋት፣ መደርደሪያ ላይ ትቀመጥ።

ሐይቅ ዳር

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ጋሼ፣ መውጊያዋን እዚያው ሳጥኑ ውስጥ አገኘኋት፣ ክዳኑ ሥር ተለጥፋ ነበር! ቆዳው በዘይት ዳነ። ቫልቮላው ውስጥ ያለችው ቡሽ ግን በጥፍር ስነካት ተፈረፈረች፣ ቀየርኳት። ባልዲ ውስጥ አረፋ የወጣው ከክዳኑ ብቻ ነበር፣ ጎሚኒውን ስቀይር ቆመ።

ትናንት ግቢ ውስጥ አቀጣጠልኳት። ራሷ ሥር ባለችው የማሞቂያ ጽዋ ላይ አልኮሉ ነዶ ሊያልቅ ሲል የአየር ብሎኑን ዘግቼ ቀስ እያልኩ ፖምፕ አደረግኩ። መጀመሪያ ትንሽ ቢጫ ምላስ አወጣች፣ ወዲያው ሰማያዊ ሆና ጩኸቷን ለቀቀችው። ጎረቤት በመስኮት ወጥቶ አየኝ። አሁን ጥያቄዬ፣ ጀበና ላይ በቀጥታ ይችላል? ደግሞ እሳቱ እየቆየ ዝቅ ይላል፣ ችግር ነው?

ምናለሽ ተራ

ዝቅ ማለቱ ጤና ነው፣ ላምባው ሲቀንስ ግፊቱም ይወርዳል፣ ሁለት ሦስቴ ገፋ አድርገው። ቢጫው ምላስ ከቀጠለብህ ግን ገና አልሞቀችም ማለት ነው። ወዲያው አየሩን ልቀቅና እንደገና አሙቃት። በላዩ ላይ ፖምፕ እንዳታደርግ፣ ፈሳሹ ላምባ ነው የሚወጣው።

የሸክላ ጀበና መሀሉ ላይ በአንድ ጊዜ ኃይለኛ እሳት አይወድም። ውኃ ይኑርበት፣ ግፊቱን አሳንሰህ ጀምር። በእሳቱና በጀበናው መሀል ስስ ብረት ብታደርግለት ይሻላል፣ እሳቱን ይበትንለታል። ድንኳን ውስጥ አታንድዳት፣ ዝናብም ቢሆን። ስትጨርስ ቀዝቅዛ፣ አየሩ ወጥቶ፣ ራሷ ተፈትቶ ማሸጊያው ክዳን ሲገባ ነው ወደ ሳጥኗ የምትመለሰው፣ አለዚያ ቦርሳህ በሙሉ ላምባ ላምባ ይሸታል።