ደመወዝተኛ ድሃ ይባላል?

የፍኖተ ሰላሙ፦
ሰላም ወገን። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ መጠይቅ ይዞ ቤቴ መጣ። «ሥራ አለዎት?» አለኝ። «አለኝ» አልኩት። ምልክት አድርጎ አለፈ። እኔ ግን እዚያችው ጥያቄ ላይ ቀረሁ።

ደመወዜ ተቆራርጦ 8,200 ብር እጄ ይገባል። 2,500 ኪራይ ነው። የቀረው ለ6 ነፍስ፤ ለእኔ፣ ለባለቤቴ፣ ለ3 ልጆቼና ለባለቤቴ እህት። ለአንድ ሰው በቀን 32 ብር አይሞላም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደመወዙ ከእኔ እኩል ነው፤ ወንደላጤ ስለሆነ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጥብስ አይቀርበትም። ድህነት የሚለካው በደመወዝ ነው ወይስ በቤተሰብ?

ቆጠራ፦
በቤተሰብ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት ሥራ እያላቸው ድሃ የሆኑትን ለብቻ ያሰላል። ሠራተኛ ለመባል በሳምንቱ 1 ሰዓት ለክፍያ ወይም ለትርፍ መሥራት ይበቃል። ድህነቱ ግን ቤት ተገብቶ ነው የሚታየው። ስለዚህ አንተ ከድህነት መስመሩ በታች፣ ወንደላጤው ከላይ ልትሆኑ ትችላላችሁ። የዓለም ባንክ መስመሩን በፈረንጆቹ 2025 ከ2.15 ወደ 3 ዶላር በቀን አድርሶታል። በባንክ ምንዛሪ እንዳታባዛው ብቻ፤ የሚሰላው በብር የመግዛት አቅም ነው።

የማርቆሷ፦
ወንድሜ፣ ኪራዩን መቀነስ አልነበረብህም። እኛ አገር የሚለካው ፍጆታ ነው፤ ኪራይም ፍጆታ ነው። ልጅ ደግሞ እንደ አዋቂ ሙሉ አይቆጠርም። በ2008 የአገሪቱ መስመር ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ በቀን 2,200 ካሎሪ ከሚሰጥ ምግብ ተነሥቶ ሌላው ወጪ ተጨምሮበት። ከገጠር የሚመጣልህ እህል ካለም ይደመራል።

የፍኖተ ሰላሙ፦
ለ12 ወር ሳካፍለው 599 ብር ሆነ። ኧረ ዛሬ የልጄን ጫማ አይገዛም!

እህሉን ግን ያዝሽኝ። እናቴ ከደምበጫ ገጠር በየዓመቱ 3 ኩንታል ጤፍ ትልክልኛለች። ኩንታሉን በ12,000 ብናስበው ለእያንዳንዳችን በወር 500 ብር ነው። እንግዲህ ቀጣሪዬ ያጎደለውን እናቴ እየሞላች ነው።

የማርቆሷ፦
መጠይቅ ይዞ ለመጣው ልጅ ነግረኸዋል?

የፍኖተ ሰላሙ፦
«ከዘመድ የሚላክልዎት ነገር አለ?» ሲለኝ «የለም» አልኩት። ባለቤቴ በጎን አየችኝ። ጆንያው ከጀርባው ነበር።